ሠላሳ አንድ የሮማን ፍሬ

ለዳንዳጋውን ወረዳ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ዳንዳጋውን፣ ኔፓል
ማንግሲር 14 ቀን 2081 (በኔፓል ዘመን አቆጣጠር)

ጉዳዩ፦ የሞተው ልጄ ሂክማት ቡዳቶኪ «በአካል ይቅረብ» መባሉ ቀርቶ ሞቱ እንዲመዘገብና ምራቴ ቢምላ ባሏ የሞተባት መሆኗ በወረቀት እንዲረጋገጥላት ስለመጠየቅ

የተከበሩ ጌታዬ፣

እኔ ዳል ባሃዱር ቡዳቶኪ እባላለሁ። ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው፤ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የማስጽፈው በርዎ ላይ በተቀመጠው ጸሐፊ ነው። አንዳንዱን ቃል «እናለስልሰው» ብሎኝ ነበር፤ የተከራየሁት እጅህን ነው፣ አፉ የራሴ ነው ብዬዋለሁ።

1. ሂክማት ከአገራችን ልጆች እየመረጠ ለሚቀጥረው የእንግሊዝ ጦር ሦስት ጊዜ ተወዳድሯል። በሦስተኛው አሸዋ የሞላ ቅርጫት በግንባሩ ጠፍር ተሸክሞ ዳገቱን ሲሮጥ ከመቶ ሰው ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ አፉን አስከፍተው አንዲት የተበላች መንጋጋ ጥርስ አገኙና መለሱት። ንዴቱን በጥርሷ ተወጣ፤ አስነቀላት። ቋንቋ እማራለሁ ብሎ ሩሲያ ሄደና ወታደር ሆነ። እዚያ አፍህን ክፈት ያለው የለም። ለመሞት ሙሉ ጥርስ አያስፈልግም መሰለኝ።

2. ሲሞት አብሮት የነበረው የጎረቤቴ ልጅ ላልቢር አይቷል። አንድ እጁን እዚያ ጥሎ አምልጦ መጣ። «አባባ፣ ድሮኗ ከላያችን ስትደርስ ሩጥ ብዬ ጮህኩበት። ‹ዝም በል አንተ ፈሪ፣ ምስሩ ሊያርብኝ ነው!› ብሎ ወደ ድስቱ ተመለሰ» አለኝ። አመንኩት። ምስር ጥሎ የሚሮጥ ልጅ እኔ አልወለድኩም። ሬሳውን ያነሣ የለም።

3. ሬሳ ሲጠፋ እንደሚደረገው ገላውን ኩሽ በሚባለው የተቀደሰ ሳር ሠራን፤ ለራሱ ኮኮናት፣ ለጥርሱ የሮማን ፍሬ አደረግን። ካህኑ ቆጠረና «አንድ ጎድሏል፣ ሠላሳ ሁለት ነው የሚባለው» አለኝ። «የማንን ልጅ ልታቃጥልብኝ ነው? የእኔው ሠላሳ አንድ ነው» አልኩት። እያጉረመረመ ተቀበለ። ወንዝ ዳር አቃጠልነው። ቢምላ ባሏ እንደሞተባት ሴት ወግ ቀይ የብርጭቆ አምባሯን ሰብራ ነጭ ለበሰች።

4. ጽሕፈት ቤትዎ ግን «የተቃጠለው ሳር ነው» አለኝ። ሳር መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ያጨድኩት እኔ ነኝ። ቀጥሎም «ልጅህ በአካል ቀርቦ ያለበትን ሁኔታ ያስረዳ፣ አለዚያ እንደ ሞተ እስኪቆጠር አምስት ዓመት ጠብቅ» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ጌታዬ፣ በአካል መቅረብ ቢችል ከእርስዎ በፊት እኔ ጋ ይቀርብ ነበር።

5. ቢምላ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ የጂፕ ሾፌር ሊያገባት ይፈልጋል፤ እሷም ትፈልጋለች። መንደሩ «ሽማግሌው ምራቱን ሊድር ነው» እያለ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ልጄ በሕይወት ሳለ በታማኝነት ጠብቃዋለች። መዝገባችሁ ግን ዛሬም ባለትዳር ይላታል። አምስት ዓመት ሙሉ የሳር ሚስት ሆና እንድትቀመጥ አልፈቅድም።

ስለዚህ የላልቢር ቃል ተሰምቶ፣ እሱም ለምን በሰው አገር ተዋጋህ ተብሎ ሳይታሰር፣ የልጄ ሞት ይመዝገብልኝ፤ ቢምላም ወረቀቷን ታግኝ። እንግሊዞቹ ስለ ጥርሱ ጽፈው ማኅተም የመቱበትን ወረቀት አያይዣለሁ። ምናልባት አንድ ቀን ሂክማት ነኝ የሚል ሰው በርዎ ላይ ቢቆም አፉን ያስከፍቱት። ሠላሳ ሁለት ከሆነ ያባሩት። ያችው መንጋጋ ጎድላ ሠላሳ አንድ ከሆነ ግን እሱን ወደ ቤቱ ይላኩልኝና ስለዋሸሁ እኔን ያሳስሩኝ። እየሳቅሁ እገባለሁ።

አንገቴን ሳልደፋ፣ በሙሉ አክብሮት፣ ከሰላምታ ጋር

ዳል ባሃዱር ቡዳቶኪ
(የግራ አውራ ጣት አሻራ)