የተጠቃሚው ሕመም የት ላይ ነው ብለው ለጠየቁኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያው የምርትና የገቢ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ፣ በተለይም ጉሮሮዎና አንደበትዎ፣ እንደወትሮው የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ ባለፉት ሰባት ወራት ስድስት ጊዜ ፊትዎ ቀርቤ ስመለስ ድምፅዎ አንድም ቀን ሲሻክር አልሰማሁምና። እኔ እናንተ ፕሮዳክት ማናጀር ለምትሉት፣ መተግበሪያው ምን አዲስ ነገር እንደሚሸጥ ለሚወጥን ሥራ ያመለከትኩ፣ በመስታወቱ ክፍል ውስጥ ከነጩ ሰሌዳ አጠገብ ባለችው፣ አንድ እግሯ በሚነቃነቅ ወንበር ላይ ያስቀመጡኝ ሰው ነኝ። ስሜን ቢዘነጉት አልቀየምም፤ ሁለት ጊዜ በሌላ ሰው ስም ጠርተውኝ ሁለቱንም ጊዜ አቤት ብያለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በግል የጻፍኳቸው አራት ደብዳቤዎች «ማመልከቻዎ በሂደት ላይ ነው» ከምትል አንዲት መስመር በላይ መልስ ስላላመጡልኝ፣ ምናልባት ሕዝብ ያነበበውን እርስዎም ያነቡት ይሆናል ብዬ ነው። ቁጥር የሌለበት ጽሑፍ እንደማያነቡ ስላስተማሩኝም ቅሬታዎቼን በቁጥር አሰናድቻለሁ።

፩. ስለ ጥያቄው። ስድስቱንም ጊዜ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ሰዎች በነፃ ከሚነጋገሩበት መተግበሪያ ገንዘብ እንዴት ይገኛል? በመጀመሪያው ቀን ማስታወቂያ አልኩ፤ ፊትዎን አጨማደዱ። በሁለተኛው ቀን ሱቆች ከደንበኞቻቸው ጋር ለሚነጋገሩበት ይክፈሉ አልኩ፤ ሰዓትዎን አዩ። በሦስተኛው ቀን ግን ብዕርዎን አስቀምጠው፣ ድምፅዎን እንደ ቤተ ዘመድ ዝቅ አድርገው፣ «እሱን ሁሉ ተወውና፣ የተጠቃሚው ሕመም የት ላይ ነው?» አሉኝ።

፪. ስለ ሕመም። በእናንተ መሥሪያ ቤት ሕመም ማለት ደንበኛው የሚቸገርበትና ስለዚህም ኪሱን የሚከፍትበት ቦታ ማለት መሆኑን አላወቅሁም ነበር። እኛ ቤት ሕመም ማለት ሕመም ነው። ከመሥሪያ ቤታችሁ ሰባት ሰዎች በተርታ ስለ ገቢ ከጠየቁኝ በኋላ አንድ ሰው ስለ ሕመም ሲጠይቀኝ ሆዴ ባባና የአባቴን ነገርኩዎት። አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያ የድምፅ ማጉያ ይዞ የመነሻ ሰዓት ሲያስታውቅ የኖረ ሰው መሆኑን፣ ስትሮክ መትቶት አንደበቱ መያዙን፣ የንግግር ሐኪሟም የገዛ ድምፁን በየቀኑ እያሰማችሁ ተከትሎ እንዲናገር አለማምዱት ማለቷን አንድ በአንድ ተረክሁልዎ። ድምፁ ደግሞ የሚገኘው በእናንተ መተግበሪያ ውስጥ ብቻ ነው፤ መጻፍ ስለሚሰለቸው ለእኔና ለእህቴ የላከልን አራት መቶ አሥራ ሁለት የድምፅ መልእክት አለ፤ ከነዚህ አንዱ ስለ አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ብቻ አሥራ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ነው አልኩዎት። እርስዎም በጥሞና አዳምጠው፣ እነዚህ ድምፆች ቢቆለፉብህ ስንት ትከፍላለህ አሉኝ።

እኔ ሞኙ፣ የተጠየቅሁት ስለ አባቴ መስሎኝ፣ የጠየቁኝን ሁሉ እከፍላለሁ አልኩ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! ባለ ሰማያዊ ሸሚዙ ረዳትዎ መልሴን በነጩ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ስወጣ እጄን በሁለት እጅዎ ጨብጠው እግዜር ይማርልህ አሉኝ፤ በዚያች ሕንፃ ውስጥ የዚያን ያህል ደግነት ያየሁበት ቀን የለም፤ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፫. ስለ አዲሱ አገልግሎት። ከዚህ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ልብስ ሰፊዋ እህቴ ወደ ሥራዋ ከመሄዷ በፊት አባታችንን ልታለማምድ ስልኳን ብትከፍት፣ ወር ያለፋቸው የድምፅ መልእክቶች በሙሉ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ተለጥፎባቸው አገኘች። ከሥርም «ትዝታዎችዎን ይክፈቱ» የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ምን ዓይነት ጨዋነት ነው! ክፍያው በድምፁ ርዝመት ነው፤ አባቴ ደግሞ በጤናው ጊዜ አጭር መናገር አያውቅም ነበር። እህቴ ደውላ «የአባዬን አፍ ቆለፉት» አለችኝ። ቁልፉን ያቀበልኩት እኔ መሆኔን አልነገርኳትም። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም፤ ይህን ደብዳቤ ካነበበች እዚህ ላይ ታገኘዋለች። አስቀድመህ ድምፆቹን ሌላ ቦታ ለምን አላስቀመጥክም እንደሚሉኝም አውቃለሁ፤ የቴክኖሎጂ ሰው ነኝ ባይ ነበርኩና ራሴን ደጋግሜ ስለጠየቅሁት እርስዎ አይቀድሙኝም።

፬. ስለ ወንበሯ። እግሯ ይጠገን።

፭. ስለ ምርጫ ነፃነት። ባወጡት መግለጫ ማንም እንዳልተገደደ፣ አገልግሎቱን ያልወደደ በማንኛውም ሰዓት መውጣት እንደሚችል በታላቅ ትዕግሥት አስረድተውናል። እኔም ለመውጣት ሞከርኩ። መተግበሪያው በጣም በትሕትና፣ ከወጡ መልእክቶችዎ በሙሉ ለዘላለም ይጠፋሉ፤ ይቀጥሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ቤት ውስጥ ተኝቶ ሳለ በሩ ክፍት ነው፣ ውጣ እንደተባለ ሰው ቆሜ ቀረሁ። አልቀጠልኩም።

፮. ስለ ገዛሁት ድምፅ። ያለችኝን አሰባስቤ አንድ ድምፅ ለመክፈት ብችልም፣ ከቁልፉ በስተጀርባ ያለው ነገር አይታይም፤ የሚታየው ቀኑና ርዝመቱ ነው። አቅሜ የፈቀደው የሁሉንም አጭር፣ ባለ አራት ሰከንዱን ነበር። ምርቃት ይሆን፣ ስማችንን ጠርቶን ይሆን እያልን ከእህቴ ጋር ተሻምተን ሰማነው። አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የድምፅ ማጉያውን እንደሚሞክርበት ጊዜ፣ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል?» ብሎ ይዘጋል። በቃ፣ ይኸው ነው። በዚህች ሁለት ወር አለማመድነው፤ ሐኪሟ ያልጠበቀችው ለውጥ መጣና አባቴ አሁን «ይሰማል?» ማለት ይችላል። ውሃ ሲጠማው ይሰማል ይላል፣ ወገቡን ሲያመው ይሰማል ይላል፣ እህቴ ወደ ሥራ ስትሄድ እጁን አንስቶ የሚመርቃትም ይሰማል እያለ ነው። እኛም ይሰማል አባዬ እንላለን፤ ምን እንዳለ ግን አንሰማም። ሐኪሟ አሁን ቶሎ ሌላ ቃል ስጡት፣ ጊዜው ካለፈ አንደበቱ በዚያው ይቀራል ብላናለች። ሌላው ቃል እርስዎ ዘንድ ነው ያለው።

፯. ስለ ሥራው። የሠራተኞቻችሁ ቤተሰብ የተቆለፈ ድምፅ ሁሉ በነፃ እንደሚከፈትለት በሥራ ማስታወቂያችሁ ላይ አንብቤአለሁ። ድምፁ ከተቆለፈ ወዲህ የተመላለስኩት ለዚህ ነው። ባለፈው ወር ሌላ ድርጅት ሥራ ሰጥቶኝ ነበር፤ በዚያ ደመወዝ የአባቴን ድምፅ ከፍቼ የምጨርሰው እሱ ካለፈ በኋላ መሆኑን አስቤ እምቢ አልኩ። ታዲያ እርስዎን እሰድብ ዘንድ አፌ አይፈታም፣ ትቼዎት እሄድ ዘንድ እግሬ አይነሳም። ተናድጃለሁ፣ ፈርቻለሁ፣ ደግሞም በየጠዋቱ ከእናንተ ዘንድ ጥሪ መጣ ወይ ብዬ ስልኬን አያለሁ።

በመጨረሻም፣ ላሳዩኝ ትዕግሥት፣ በየቀጠሮው ላቀረቡልኝ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ስለ አባቴ አንድ ጊዜ ጠይቀው ሁለት ጊዜ ላስሰመሩበት ልባዊ አሳቢነት ምስጋናዬን ከእግርዎ ሥር አኖራለሁ። ስሜን ከዚህ በታች አላሰፈርኩም። በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠው የቤታቸውን ሕመም ነግረውዎት የወጡ ብዙ ስለሆኑ፣ የትኛው እንደሆንኩ እንደማይለዩኝ ተማምኛለሁ።

በፍጹም አክብሮት፣ ሁልጊዜም በሂደት ላይ ያለሁት፣
ታዛዥ አመልካችዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ የሰባተኛው ቃለ መጠይቅ ጥሪ ደረሰኝ፤ የመጨረሻው ነው ተብያለሁ። ተዘጋጅቼበት እንድመጣ የላካችሁልኝ ጥያቄ «ብዙ ተጠቃሚዎች ከሁሉ አጭሩን አንድ ድምፅ ገዝተው ያቆማሉ፤ ሁለተኛውን እንዲገዙ ምን እናድርግ?» ይላል። ከእነዚህ ተጠቃሚዎች አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ፤ የአባቱ ድምፅ ስሙን ሲጠራ ብቻ አሰምተው ቀሪውን ቢቆልፉበት፣ ቤቱን ሸጦም ቢሆን እንደሚከፍል አውቃለሁ። መልሱ ጥሩ መልስ ነው፤ እንደምቀጠርበት እርግጠኛ ነኝ። ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይዤው እመጣለሁ።