ፊርማን ውኃውን ከፊት ያየበት እሑድ

ለውድ እህቴ ለማርሴሊን፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? በረዶ ላይ ወድቀሽ የተሰበረው ክንድሽስ ድኖ ቅርጫት ማንሳት ጀመረ ወይ? ካናዳ ድረስ መጥቼ ላስታምምሽ ባለመቻሌ ክረምቱን ሁሉ ሲቆጨኝ ነበር። ስልክ መስማት አቃተኝ ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ ደግሞ የጆሮሽ ነገር ያሳስበኛል፤ ግን እውነቱን ልንገርሽና ደብዳቤው ለእኔ ተመችቶኛል። በስልክ ስናወራ አፌን የምታስዘጊኝ አንቺ ነበርሽ፣ አሁን እስከ መጨረሻው ታዳምጭኛለሽ። እኛ በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነን። ዝናብ ሲመጣ የፊርማን ወገብ ያጉረመርማል፣ እሱም አብሮት ያጉረመርማል፣ ሌላው ሁሉ ሰላም ነው።

ልጃችን ሶሌን የመድን ድርጅቱን ወንበር ትታ የአባቷን ሥራ መያዟን ከሁለት ዓመት በፊት ጽፌልሽ ነበር። ያልጻፍኩልሽ ቤታችን ውስጥ ምን እንደተፈጠረ ነው፤ ደስ የማይል ወሬ መጻፍ አልወድም። ፊርማን ሠላሳ ስምንት ዓመት በቤተ መንግሥቱ አትክልት ሥፍራ ከመሬት በታች ጎንበስ ብሎ የፏፏቴዎቹን ውኃ ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። ልጁ ያንኑ ጉድጓድ ስትመርጥ እንደ ስድብ ቆጠረው። «ወገቤን የሰጠሁት አንቺ ወንበር ላይ እንድትቀመጪ ነው» አላት። እሷም ቁርጥ አባቷን ናት፤ «ተቀመጥኩበት፣ አልወደድኩትም» አለችው። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ለእራት ስትመጣ ስለ ድንች ያወራሉ፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ስለ ሥራው ግን አንድ ቃል የለም። ያን ቧንቧዎቹን የሚከፍትበትን ረጅም የብረት መክፈቻውን እንዲያውሳት ብትጠይቀው «ዝጓል» ብሎ ከለከላት። አልዛገም። በየወሩ ዘይት ሲቀባው በወጥ ቤቱ መስኮት አየዋለሁ። ሁለቱ እንዲህ ሆነው ያረጁ ይሆን እያልኩ ስንት ቀን አልቅሻለሁ መሰለሽ።

ታዲያ ባለፈው ሰኞ ሶሌን ሳህን የምታጥብ መስላ አጠገቤ ቆመችና፣ «እማዬ፣ እሑድ ግዙፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዬ ነው የምከፍተው። ለአባዬ እንዳትነግሪው፣ ከተበላሸብኝ ዕድሜ ልኬን ነው የሚያነሳብኝ» አለችኝ። ግዙፉን ታስታውሽዋለሽ፤ ያ በድንጋይ ክምር ስር የተቀበረው ሐውልት፣ ከአፉ ወደ ሰማይ ውኃ የሚተፋው። በልጅነታችን እማማ ወስዳን ከቀሚሷ ስር የተደበቅሽበት ነው። አልነግረውም ብዬ ቃል ገባሁላት፣ አልነገርኩትምም። ይዞት መሄድ ግን መንገር አይደለም።

ደግሞ አስቤበታለሁ። ቢበላሽባት እሱ ፊት ተበላሸ ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስለ ድንችም አያወሩም። ቢያምርላት ግን በዓይኑ ያያል። ሌሊቱን ሁሉ ስገላበጥ አደርኩና ልሞክረው አልኩ።

ሰበቡን እግዜር ራሱ ላከልኝ። የፊርማን የአጎት ልጅ አምብሯዝ፣ ከኦቨርኝ ተራራ ወርዶ የማያውቀው ባለ ላሙ፣ ሰባ ዓመት ስለሞላው ላሞቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ፓሪስንና የንጉሡን ቤት ሊያይ ቅዳሜ ከች አለ። በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በብብቱ ሽታው ቀድሞት የሚገባ አንድ ድብልብል ፎርማጆ። ባቡሩ ውስጥ አጠገቡ ሰው እንዳልተቀመጠ ሳይነግረኝ ገባኝ። ፊርማን ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ወደ ቤተ መንግሥቱ ዝር አላለም፤ «ውኃ ለማየት ትኬት አልቆርጥም» ነው መልሱ። «እንግዳህን ብቻውን ልትሰደው ነው?» አልኩት። አጉረመረመና ጫማውን መቦረሽ ጀመረ።

ጠዋት ፓሪስ ገባን። የድል በሩን ደረጃ አምብሯዝ እንደ ፍየል ሲወጣው፣ እኔ መሐል ላይ ቁጭ ብዬ የማላውቃቸው ሰዎች እየተሻገሩኝ አለፉ። ከላይ ሆኖ ከአሥራ ሁለቱ መንገዶች እየጎረፉ የሚዞሩትን መኪኖች ብዙ አየና፣ «የእኔ ላሞች እንኳ በአንድ በር ሲገቡ ከዚህ የተሻለ ይተሳሰባሉ» አለ። የብረቱ ማማ ስር ስንደርስ ደግሞ ሰው ሁሉ ፎቶ ሲነሳ እሱ አንገቱን ሰብሮ ወደ ላይ እያየ፣ «ይሄን ሁሉ ብረት ቀለም የሚቀባው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ያን ቀን ፊርማን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያለው ይሄኔ ነው። «ደህና ጠየቅህ፤ ስለ ሠራተኞቹ የሚጠይቅ የለም» አለው። ምሳችንን ወንዙ ዳር ዳቦ በፎርማጆ በላን። አምብሯዝ ፎርማጆውን ሲከፍተው አግዳሚው ወንበር ሙሉ ለሙሉ ለእኛ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቬርሳይ ተመለስንና ቤተ መንግሥቱ ገባን። የንጉሡ መኝታ ቤት ሲደርስ አምብሯዝ ባርኔጣውን አወለቀና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ይሄ ሁሉ ሰው እያየው እንዴት ይተኛ ነበር?» አለኝ። የመስታወቱ አዳራሽ ውስጥ የሰው ብዛት አይነገርም፤ ሁሉም ራሱን ያያል። ፊርማን ግን ለመስታወቶቹ ጀርባውን ሰጥቶ መስኮት ላይ ቆመ። እስከ ታላቁ ቦይ ድረስ አትክልቱ ከስሩ ተዘርግቷል። አስቢው እታለም፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ሠርቶ ከዚህ ሆኖ አይቶት አያውቅም፤ ውኃው ወደ ላይ ሲወጣ እሱ ሁልጊዜ ከታች ነው። «እንዲህ ቀጥ ያለ አይመስለኝም ነበር» አለ። አንጀቴን በላው። ሰው ከኋላ እየገፋን እንኳ ንቅንቅ አልልም አለ፤ እኔም ሰዓቴን ደጋግሜ አያለሁ።

አትክልቱ ውስጥ ስንወርድ «ካርታ አያስፈልግም፣ እኔ እመራችኋለሁ» ብሎ ቀደመ። ሦስት ጊዜ ጠፋን። ለካ ባሌ የሚያውቀው የቧንቧውን መንገድ እንጂ የሰውን መንገድ አይደለም። «በዚህ በኩል ነው፣ ዋናው ቧንቧ ከእግራችን ስር ነው ያለው» እያለ ይወስደንና ከተከረከመ የቁጥቋጦ አጥር ጋር ያጋጨናል። ቧንቧው በአጥሩ ስር ያልፋል፣ እኛ አናልፍም። በሦስተኛው አጥር ላይ አምብሯዝ ጉልበቱን ይዞ እየሳቀ፣ «አንተ ሰው፣ ፍልፈል ነህ እንዴ? ትንሽ ብትቆፍር እኮ ትደርስ ነበር» አለው። ፊርማንም መሳቁ አልቀረም። ግዙፉ የሚከፈትበት ሰዓት ሊደርስ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ትዕግሥቴ አለቀ፤ ከቦርሳዬ የደበቅኩትን ካርታ አውጥቼ ሁለቱንም እንደ ሕፃን እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። «አንቺ ደግሞ ምን ይሄን ያህል አስቸኮለሽ?» አለኝ። ሽንት ቤት ፍለጋ ነው አልኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ግዙፉ ጋ ስንደርስ ሰው ዙሪያውን ከቦ ቆሟል፣ ሙዚቃው ጀምሯል፣ ውኃው ግን የለም። ቆምን። የለም። የግዙፉ አፍ እንደተከፈተ ደርቋል። አምብሯዝ «የረሱት መሰለኝ» አለ። እኔማ ልጄን ከእግራችን ስር ጨለማ ውስጥ ላብ አጥምቋት እያየኋት ነበር። ምን አባቴ አምጥቶኝ ነው እሱን ይዤ የመጣሁት እያልኩ ራሴን ረገምኩ። ፊርማንን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

እሱ ግን ያን የታመመ ወገቡን አጥፎ መሬት ላይ ተንበርክኳል። መዳፉን የገንዳው ድንጋይ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፍኗል። «ዝም በሉ» አለን። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አልረሱትም። ከቧንቧው አየሩን እያስወጣ ነው። ገና ትንሽ ነው የከፈተው… እየጠበቀ ነው… ጎሽ፣ አትቸኩል… አሁን» አለ። ልክ «አሁን» ሲል የግዙፉ አፍ ተንኮራኮረ። ውኃው መጀመሪያ ክንድ የሚያህል ወጣ፣ ቀጥሎ የሰው ቁመት፣ ከዚያ ሳይንቀጠቀጥ ዛፎቹን አልፎ ወጣ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ፊርማን እንደተንበረከከ አንጋጦ ቀረ። «ለካ እንዲህ ነው የሚመስለው» አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ «ይሄን የከፈተው ሥራውን ያውቃል። ጎረምሶቹ በአንዴ በርግደው ነው የሚከፍቱት። ይሄንን ደህና ሰው ነው ያስተማረው» አለኝ።

«ፊርማን፣ የከፈተችው ሶሌን ናት» አልኩት።

አጠገቡ ካሜራ ያነገተ የባዕድ አገር ሰው ቆሞ ነበር፤ ፊርማን እጁን ዘርግቶ በእሱ ተደግፎ ተነሳና፣ «ልጄ ናት» አለው። ሰውየው ቋንቋችንን አያውቅም፣ ፎቶ አንሳን ያለው መሰለው። ካሜራውን አነሳ። ፊርማንም እንደገና «ልጄ ናት እኮ» እያለ ያሳየዋል። ሰውየው ፎቶውን በኢንተርኔት ልኮልናል፤ አሳትሜ እዚህ ውስጥ ጨምሬልሻለሁ። እኔና አምብሯዝ ወደ ውኃው አንጋጠን ስናይ እሱ ብቻ ወደ መሬት ይጠቁማል።

ውኃው ከተዘጋ በኋላ ሶሌን ከቁጥቋጦው ኋላ ካለው የብረት በር ብቅ አለች፣ እስከ ክርኗ ጭቃ። አባቷን ስታይ ባለችበት ደርቃ ቀረች። እኔን አየችኝና ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ፊርማን ወደ እሷ ሄደ። «የመክፈቻው ስንተኛው ዙር ላይ ነው ቆመሽ የጠበቅሽው?» አላት። «ሦስተኛው ላይ» አለችው፣ ድምጿ አይሰማም። «እኔ አራተኛው ላይ ነበር የምቆመው» አላት። እኔ ጸሎት ጀምሬያለሁ። «ሦስተኛው ይሻላል» አለ በመጨረሻ። «ማን አሳየሽ?» «ማንም» አለችው፤ «ያስተማረኝ የወጥ ቤታችን ቧንቧ ነው»። አንቺ እንኳ እኛ ቤት መጥተሽ ቧንቧውን በኃይል ስለከፈትሽ ከጓሮ እየሮጠ መጥቶ የተቆጣሽን ቀን አትረሺውም። እሷንማ ዕድሜዋን ሁሉ ቀስ ብለሽ ክፈቺ እያለ አይደል የተቆጣት። ፊርማን ይሄን ሲሰማ እንደ ልጅ ሳቀ፣ ጭቃዋን ሳይጸየፍ አቀፋት። እኔማ አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሻለሁ። አምብሯዝ የሚያደርገው ሲጠፋው የቀረውን ፎርማጆ አውጥቶ ለሶሌን ሰጣት።

ማታ ሁላችንም እኛ ቤት በላን። ከምግብ በኋላ ፊርማን ወጥቶ መክፈቻውን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣና ጠረጴዛው ላይ፣ ንጹሑ ጨርቄ ላይ፣ ከነዘይቱ አስቀመጠው። «ለቁመትሽ ትንሽ ይረዝማል» አላት። እኔ ስለ ጨርቁ አንዲት ቃል አልተናገርኩም፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ? ሶሌን መክፈቻውን ትከሻዋ ላይ ተሸክማ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች፣ ፊርማንም ይከብዳታል ብሎ ግማሽ መንገድ ሸኛት። አምብሯዝ ትናንት ወደ ላሞቹ ተመልሷል። ሽታው አልተመለሰም።

ለባለቤትሽ ለኦክታቭ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ጨው ይቀንስ በይው። ትንሹን ማኤልን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ፣ የላከልኝ የመርከብ ሥዕል የማቀዝቀዣዬ በር ላይ ነው። ጎረቤትሽን እመት ዤርሜንንም ስለ ሾርባዋ አመስግኚልኝ፣ ክንድሽ ተሰብሮ ሳለ አንቺን ያበላች ሰው የእኔም ቤተሰብ ናት። ሶሌን ትስምሻለች፣ ከሥራ ስትመለስ ራሷ እጽፋለሁ ብላለች።

ፊርማንም፣ ያ በደብዳቤዬ ላይ አንድ መስመር አስጨምሮ የማያውቀው፣ አሁን መጥቶ ከጀርባዬ ቆሟል። «ግዙፉን የምትከፍተው ልጄ ናት ብለሽ ጻፊላት» ይለኛል። ሙሉውን እኮ ጽፌዋለሁ፣ አራት ገጽ ሆነ አልኩት።

«ይሁን» አለ፣ «ድገሚው»።

ግዙፉን የምትከፍተው ልጁ ናት።

የምትወድሽ እህትሽ
ጊስሌን

ቬርሳይ፣ ማክሰኞ ጁን 24 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.