ከበርሜሉ የተረፈው ካፖርት

ኮልፌ፣ ታኅሣሥ ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ልጆቹ፣ ባልሽ፣ ያ የሚያስቸግርሽ ጥርስሽ፣ ሁሉም ደህና ናቸው ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት። እኔም ተቀምጬ ሳለሁ ደህና ነኝ።

ስነሳ ግን እግሬ የሌላ ሰው ይመስለኛል። ግድግዳ ይዤ ስወጣ ጎረቤታችን ሃጂራ፣ እንደ ሙሽራ ነው የምትራመደው፣ ሚዜ እንላክልህ ወይ ትለኛለች። እስቃለሁ። እሷም ትስቅና ቶሎ ወደ ቤቷ ትገባለች።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሐኪሙ በልጅነትህ ግርሻ፣ ያ የቅማል ትኩሳት፣ ይዞህ ነበር ወይ ብሎ እንደጠየቀኝ ባልጽፍልሽ ይሻል ነበር። ለዚህ ያበቃሁህ እኔ ነኝ፣ በምን ዓይኔ አይሃለሁ ብለሽ ለአረፋም እንደማትመጪ ነግረሽኛል።

ያ ክረምት። ትኩሳቱ ሁለታችንንም ጥሎን፣ ጭንቅላታችን ተላጭቶ፣ ግቢው ውስጥ በርሜል ተጥዶ፣ ቅማሉ እንዲሞት የቤቱ ልብስ ሁሉ ሲቀቀል። አንቺ የአባባን ካፖርት ድርቆሽ ውስጥ ሸሸግሽው። ሱፍ ነው፣ ከፈላ ይኮማተራል፣ ከአባባ የቀረን እሱ ብቻ ነው አልሽ። ስንተኛ አለበስሽኝ። ትኩሳቱ ለቆኝ ነበር። በሳምንቱ ተመለሰ።

አንቺ ይህን ብቻ ነው የምታስታውሺው። እኔ የማስታውሰው አንገትጌውን ነው፤ የሱቃችንን ላምባና በርበሬ ይሸት ነበር። አብረሽኝ ከውስጡ ሆነሽ ስለ ጅብ ትዋሺልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሞቆኝ አያውቅም።

ስላንቺ ብዬ ወደ ሐኪሙ ተመለስኩ። የነርቭህ ልባስ ነው የሚላጠው፣ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ አለኝ። ምክንያቱን የሚያውቅ የለም። ድሮ ሰውነት ውስጥ የገባ ጀርም ይሆናል የሚሉ አሉ፤ ሌሎቹ ይስቁባቸዋል። ግርሻ ቢሆን ኖሮ ኮልፌ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው አይገኝም ነበር አልኩት። ሳቀ። ግን ግርሻውን መዝገቡ ላይ ጻፈው። አንቺ የሳቀውን ያዢ።

እና ለአረፋ ነይ። ለከርሞ አትበይ። አንዱ ዓይኔ ደክሟል፣ ሁለተኛው ለጊዜው ይበቃኛል። በቀን ድረሺ። ቀይ አትልበሺ፣ ቀይ አሁን አመድ ይመስለኛል፤ ነጭ ይሻላል። በሩ ላይ ቆመሽም ዝም ብለሽ አትይኝ፣ ቀድመሽ ተናገሪ።

አላህ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ። ጽሑፌ እርስ በርሱ ከተደራረበ አትቀየሚኝ፤ ባለሱቁ መስመሩ የደበዘዘ ወረቀት ሸጦልኝ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ