ዶማው የሚወርድበት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፣ ሶዶ

እሰይ! አልበሜ ከወጣ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ዛሬ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ የእኔን ዘፈን ያልከፈተ ባጃጅ አላየሁም። ጊታር ጩኸት ነው የሚሉት የሰፈራችን እናቶች እንኳ አምስተኛውን ዘፈን ያንጎራጉራሉ። አምስተኛው አባባ ጌታን ከመቀበሉ በፊት በደቦ ሲቆፈር እሱ እያወጣ ሌሎቹ የሚቀበሉት የነበረ ዘፈን ነው። ከአክስቴ ተምሬ ጊታርና ድራም ጨመርኩበት። አባባ ግን "ዓለማዊ ዘፈን ቤቴ አይገባም" ብሎ ካኮረፈኝ ዓመት አልፎታል።

ዛሬ ለዓይኑ ሕክምና ከአረካ መጣ። ወደ ሆስፒታል የተሳፈርንበት ባጃጅ ያንኑ ዘፈን ከፍቷል። ደነገጥኩና ሹፌሩን "ቀንሰው ባክህ" አልኩት።

"ተወው" አለ አባባ። ትንሽ አዳመጠና ተቆጣ። "ተሳስታችኋል! አውጪው ሲያወጣ ነው ከበሮ የመታችሁት። ዶማ የሚወርደው ተቀባዮቹ ሲመልሱ ነው። በእናንተ አመታት ብንቆፍር የሰው እግር እንቆርጥ ነበር!"

ስንት ወር ስቱዲዮ ስንመላለስ ይህን ያስተዋለ አንድም ሰው የለም።

"ታዲያ እንዴት ነው?" አልኩት።

"እኔ አልዘፍንም። ላሳይህ ብዬ ነው" አለና ከዘራውን አነሳ።

አወጣ። ሹፌሩ የእኔን ዘፈን ዘግቶ ተቀበለው፤ እኔም ተቀበልኩ። በተቀበልን ቁጥር ከዘራው የባጃጁን ወለል ይመታል። አባቴ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

ሆስፒታሉን አለፍነው። ማናችንም "ወራጅ" አላልንም።