ስሜንን ያላየው ፍልፈል

ሰኞ፣ ኅዳር 7

ውሸት ነው። አይጥ አላረባም።

ትናንት ከቅዳሴ ስወጣ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ፣ «እሷ እኮ ናት አይጥ የምታረባው፤ ለመድኃኒት ነው አሉ» ሲባባሉ ሰማሁ። ዞሬ ላርማቸው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ መሟገት ግን አልወደድኩም። እዚህ ልረም። አይጥ ሳይሆን ፍልፈል ነው። አላረባም፤ እናትየዋ ከስሜን ስትመጣ አርግዛ ነበር። መድኃኒትም አልቀምም። ከጡረታ ወዲህ የያዝኩት ሥራ ቢኖር ካሮት መክተፍ ነው።

ፍልፈሎቹ የወለላ ናቸው። ወለላ የሟች እኅቴ ልጅ ናት፤ ሆስፒታል ደም ትመረምራለች። ላቦራቶሪው ቦታ ስለሌለው ሁለት ግማሽ በርሜል አፈር ሞልታ ጓሮዬ አስቀመጠች። በአንዱ ዝቅ ካለው አገር ከእንፍራንዝ የመጣችው ፍልፈል ከነልጇ፣ በሌላው የስሜኗ ከነልጇ አሉ።

ጥያቄውን አስቀምጣለሁ፤ ያለ ጥያቄ መልስ መጻፍ አልተማርኩም። የስሜን ፍልፈል የሚኖረው አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ነው። ያም አልበቃ ብሎት ጉድጓዱን በአፈር ይደፍንና የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይተነፍሳል። ሰው እንዲህ ቢኖር በሳምንት ይቀበራል። ወለላ የአዋቂዎቹን ደም ስታይ፣ የስሜኖቹ ቀይ ሕዋስ ከእንፍራንዞቹ በመጠን ያነሰ፣ በቁጥር ግን የበዛ ሆኖ አገኘችው። ታዲያ ይህ ደጋ ላይ በመኖር የመጣ ልማድ ነው ወይስ ከዘር የወረደ?

የስሜኗ ልጅ የተወለደው እዚህ ጎንደር፣ የእኔ ጓሮ ነው። ስሜንን አያውቅም። ደሙ እንደ እናቱ ከሆነ ነገሩ ከዘር ነው ማለት ነው። የሕፃን ደም ከዕድሜ ጋር ስለሚለዋወጥ ግን ሁለቱን ልጆች በእኩል ዕድሜ ማየት ግድ ነው። የእንፍራንዙ ልጅ ደም ባለፈው ሳምንት ተወስዷል። ይህኛው ያን ዕድሜ የሚሞላው ዓርብ ነው። እስከዚያ በሕይወት ማቆየት የእኔ ፈንታ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። አስናቀ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምሬዋለሁ። ሁለት ጊዜ።

«ጓድ እትዬ ስኂን» አለኝ ገና ከበር።

«ወይ ጓድ በል፣ ወይ እትዬ በል» አልኩት።

«እሺ ቲቸር።» አጎንብሶ ኮፍያውን አወለቀ፤ ወዲያው ሊቀመንበር መሆኑ ትዝ ሲለው መልሶ አጠለቀ። «ሕዝቡ ፀረ ሰብል ተባይ ለማጥፋት ዘመቻ ላይ ነው። እርስዎ ደግሞ ይቀልቡታል። ሰው ምን ይላል?»

የሚለውን ሰምቻለሁ አልኩት። ፍልፈሎቹን እስከ ሐሙስ ማታ እንዳስረክብ ተወስኗል። ይገደላሉ። አንዲት ቀን ጨምርልኝ፣ ዓርብን ብቻ፣ አልኩ። «በስብሰባ የተወሰነ ነው» አለኝ። ስብሰባው ልጁ መቼ እንደተወለደ ጠይቆ እንደሆነ ብጠይቀው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ድሮም ሲጨንቀው ጣሪያ ነበር የሚያየው።

እሱ ከሄደ በኋላ የስሜኗ እናት አፈር ስትገፋ አየኋት። በብርቱካናማ ጥርሷ ትቆፍርና በጉንጯ ትገፋዋለች። ቀዳዳው ሲደፈን የመጨረሻዋን ጭላንጭል በአፍንጫዋ ጠቅጠቅ አድርጋ ዘጋቻት። እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰፊ ሰማይ ሥር ቆሜ ሁለት ደረጃ ስለወጣሁ እያለከለክሁ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

የስሜኗ ልጅ ጠፋ።

እማዋይ ናት። እማዋይ ከድብ ባሕር የመጣች፣ አብራኝ የምትኖር የባሌ ዘመድ ናት። ስድስት ልጆች አሳድጋለች፤ ሕፃን ማሳደግ ላይ ከእኔ ምክር አትቀበልም። እኔ ገበያ ሳለሁ ልጁን ከአፈሩ አውጥታ፣ አናቱን ቅቤ ቀብታ፣ ሰፌድ ላይ አስተኝታ የጠዋት ፀሐይ ታሞቀዋለች!

«ምነው እማዋይ? ምን አደረግሽ?»

«ጨለማ ውስጥ ታፍኖ እንዴት አጥንቱ ይጠናል? ሕፃን አይደለም እንዴ? ፀሐይ ካልሞቀማ ይሰንፋል።»

ውኃ ልትቀዳ ዞር ስትል ከሰፌዱ ወርዶ አጥሩ ሥር ሰርስሮ ገባ። ሰነፍ እንዳልሆነ ታየ። ቀኑን ሙሉ ፈለግነው። ከአጥሩ ማዶ የቀበሌው አትክልት ቦታ ነው። እዚያ ከገባ በዶማ አናቱን ማለት ነው።

ወለላ ማታ መጥታ ሰማች። አልተቆጣችም፤ ፊቷን አዙራ ብቻ፣ «ሌላ እርጉዝ ፍልፈል ለማግኘት ዓመት ልጠብቅ እችላለሁ፤ ሆስፒታሉ ደግሞ አይጠብቀኝም። ሥራው ውጤት ካላሳየ ማይክሮስኮፑን ለሌላ ክፍል ይሰጡታል» አለች። እማዋይ ጥግ ይዛ ስታለቅስ፣ የምታጽናናት እሷው ሆነች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

ገና ሲነጋ ከቀበሌው ካሮት መደብ መሀል ትኩስ የአፈር ቁልል አየሁ። ከሁሉ አትክልት መርጦ!

እናትየዋን ያመጣልን የስሜን ገበሬ አያ ፈንታ አያያዙን ነግሮኝ ነበር፦ «ደጁን ክፈችበት እኅቴ። ነፋስና ብርሃን አይወድም፤ ሊደፍን ይመጣል። ያኔ ከኋላው መንገዱን ቁረጪበት።» ገበሬዎቹ እንዲህ አድርገው ይገድሉታል። እኔ እንዲህ አድርጌ ላድነው ነበር። ቁልሉን በማንኪያ ከፈትኩና ነጠላዬን አንጥፌ በሆዴ ተኛሁ።

«እትዬ! ወደቁ እንዴ?» አስናቀ ነው፤ ዶማ ይዟል።

«ዝም በል።»

«የሕዝብ ካሮት ላይ ነው እኮ የተኙት።»

«አስናቀ፣ ድምፅህን!»

ቁጢጥ አለ። ብዙ ቆየን። ከዚያ አፈሩ ተነቃነቀና ትንሽ ፊት ብቅ አለ፣ አናቱ በቅቤ ወዝቶ። ነፋሱን አሸተተ። ወዲያው በጉንጩ አፈር መግፋት ጀመረ። አስናቀ ዶማውን አነሣ።

«እሱን አይደለም» አልኩ በሹክሹክታ። «አፈሩን። ከኋላው።»

ዶማው ወረደ። ከልጁ ጀርባ፣ ከመንገዱ ላይ፣ ልክ በተባለው ቦታ። ልጁን ከነአፈሩ ዝቄ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት።

አስናቀ ቆርቆሮው ላይ አጎነበሰ። «ማን አስተማረው መድፈኑን? አናቱ ላይ ይህን ያህል አፈር ደፍኖስ እንዴት አይታፈንም?»

«ይህን ጥያቄ ያኔ ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ ክፍል አትደግምም ነበር።»

ሳቀ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፤ ስለ ደሙም፣ ስለ ዓርብም። ጣሪያ ስለሌለ ሰማዩን አየ። በመጨረሻ፣ «ለስብሰባው ፍልፈሉ በቁጥጥር ሥር ውሏል እላለሁ። ሐሰት አይደለም። ግን ቅዳሜ ጠዋት አራቱም ከከተማ ይውጡ» አለ። ሁለት የተነከሱ ካሮቶችንም ነቅሎ አስታቀፈኝ።

ልጁ ግን ጥግ ይዞ ተኝቷል። ካሮቱን አልነካም። ብዙ ነፋስ መታው መሰለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

በሕይወት አደረ።

ወለላ ከእግሩ ጣት ጠብታ ደም ወሰደች። ጓንቷን ነከሳት፤ ደስ አለን። ላቦራቶሪ ይዛኝ ሄደች። የሁለቱ ልጆች ደም የተቀባበትን መስታወት ልታሳየኝ ስትል፣ ምልክቱን በወረቀት ሸፍነሽ ቀላቅለሽ ስጪኝ አልኳት። የማውቀውን መልስ ማየት ማየት አይደለም።

«አሁንም ፈተና ነው እትዬ?»

«ለእኔ ነው ፈተናው።»

በመጀመሪያው መስታወት ሕዋሶቹ ሰፋ ብለው ተራርቀው ነበር። ሁለተኛውን አስገባች። እንደ ጤፍ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ማጋነን ነው። ልዩነቱ ለቸኮለ ዓይን አይታይም። ግን አለ፤ ያነሱ፣ የበዙ፣ የተጠጋጉ። «የእኛው ይህ ነው» አልኩ። ወረቀቱን አነሣች። የእኛው ነበር። የሕዋሱን ብዛት በመቁጠሪያ መስታወትም ቆጠረችው፤ ወደ እናቱ ያደላል።

ወንበር ጠየቅሁ።

ይህ ልጅ ውርጭ ነክቶት አያውቅም። ያን ስስ አየር አንዲት ጊዜ እንኳ አልሳበም። ቅቤ ተቀብቶ ፀሐይ ሲሞቅ ነው የከረመው። ደሙ ግን ስሜንን ያውቀዋል። እዚያ ጨለማ ውስጥ ስንቱ ታፍኖ ሞቶ፣ ደሙ የተስማማለት ብቻ እየተረፈና እየወለደ፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ እዚህ ደረሰ። ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳይጽፍ። ስንት ዓመት ሙሉ «ውርስ» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፌ ከሥሩ አስምሬበታለሁ። ዛሬ አየሁት።

«አንድ ልጅ ማስረጃ አይሆንም» አለች ወለላ፣ ዓይኗ እየበራ። ልክ ናት። ሌሎች እናቶች፣ ሌሎች ልጆች ያስፈልጋሉ። ኃላፊዋ ግን መስታወቱን አይቶ ማይክሮስኮፑ ለጊዜው እዚያው ይቆይ ብሏል። «ለጊዜው» ምን ያህል እንደሆነ አልተናገረም።

የእንፍራንዞቹን ወለላ ትወስዳለች። የስሜኖቹን እኔና አያ ፈንታ፣ እርሻ ከማይደርስበት ከፍ አድርገን እንለቃቸዋለን። ሐኪሙ ከፍታ አትውጪ ብሎኛል። ደባርቅ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጬ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በላይ አያ ፈንታ ይሂድ። ልጁ ግን ከማያውቀው አገሩ ሲደርስ ምን ይሆናል? ደሙ ቢያውቀውም እሱ አያውቀውም። ዛሬ ማታም ካሮቱን አልበላም።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው፦

ለእማዋይ ክዳኑን እንዳትነካ መንገር። እንደገና።

እናትና ልጅን በየቆርቆሯቸው መለየት፤ መንገድ ላይ እንዳይነካከሱ።

ሾፌሩ ቆርቆሮዎቹን ጣሪያ ላይ ሳይጭን ቀድሞ መድረስና ጭኔ ላይ መያዝ።

አይደለም፤ ከሁሉ በፊት ሌላ አለ። ክዳኑን ሳላነሣ ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ አድርጌ ማዳመጥ። ጥርሱ ሲሠራ ከሰማሁ፣ የቀረው ይደርሳል።