ከእናቴ የደበቅሁት የጅቡቲ ወረቀት

በአላህ ስም። ዛሬ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ 18 ማዞሪያ አካባቢ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ፣ እኔ አነስ ጀማል፣ ዕድሜዬ ስድሳ ሰባት፣ ኩላሊቴ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ይህን ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት በቃሌ ተናግሬ አጽፌአለሁ።

አንደኛ፤ ጨርቃ ጨርቅ የምሸጥበት ሱቅ ለልጄ ለመህዲ ይሁን። ከትምህርቱ አስቀርቼ እዚያ ያቆምኩት እኔ ነኝ። በባንክ ያለው ለልጄ ለአልፊያ ይሁን።

ሁለተኛ፤ የምኖርበት ቤት። ይህን ቤት እንደ ብቻዬ ንብረት ላወርስ አልችልም። የተገዛው አባቴ ጀማል በ1959 ዓ.ም. ለወደብ ሥራ ጅቡቲ ሄዶ ከዚያ በላከው ገንዘብ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደብዳቤውም ወሬውም ጠፋ። እናቴ ሃፊዛ ግን ሌላ ባል አላገባችም።

በ1994 ዓ.ም. ጠርታኝ፣ «ጅቡቲ ሂድና መዝገባቸውን አስፈትሽ። ሞቶም ከሆነ ልወቅና ሐዘን ልቀመጥለት» አለችኝ። ሄድኩ። የከተማው መዝገብ ቢሮ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን ጸሐፊዋ አሮጌ መዝገብ ገልጣ የአባቴን ስም በጣቷ አሳየችኝ፤ ግልባጩንም ማኅተም መትታ ሰጠችኝ። በፈረንሳይኛ ስለነበር አንድ ያገር ሰው አነበበልኝ። አባቴ የሞተው በ1970 ዓ.ም. ነው። እዚያ ያገባት ሚስቱና ሰሀር የተባለች ልጁም ተጽፈዋል።

ስመለስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«አገኘኸው?»

«ስሙ መዝገቡ ላይ የለም» አልኳት።

«ከሙታን መዝገብ ከሌለማ በሕይወት አለ» አለች። ፊቷ በራ።

በጣውንት እንዳትቃጠል ብዬ ነው እያልኩ ለዓመታት ራሴን አጽናናሁ። ሐሰት ነው። የፈራሁት ሰሀር መጥታ ቤቱን እንዳትካፈለኝ ነበር። እናቴ አሥራ አንድ ዓመት ጠበቀች። ሲመለስ ቤቱ ይጠፋዋል ብላ አጥሩን እንኳ እንዳናድስ ከለከለችን። የባሏን ዒዳ፣ የመበለትን የአራት ወር ከአሥር ቀን ሐዘን፣ ሳትቀመጥ በ2005 ዓ.ም. ሞተች። እኔም ብቸኛ ወራሽ ነኝ ብዬ ካርታውን በስሜ አዛወርኩ።

ባለፈው ዓመት ሰሀርን አፈላልጌ በስልክ አገኘኋት። በደካማ ዐረብኛዬ ስለ ቤቱ ስነግራት ነገሬም አላለችው። «እናትህ በእኛ ተቀይማ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። መኖርሽን አላወቀችም ማለት አቃተኝና ስልኩን ዘጋሁ። ደግሜ አልደወልኩም።

ስለዚህ ሰሀር በአባታችን ቤት ያላት ድርሻ በሸሪዓው ተሰልቶ ይሰጣት። ስጦታ አይደለም፤ ሐቋ ነው። መህዲ ይደውልላት፤ እኔ ያልመለስኩላትን ይመልስላት። የእኔ ድርሻ ለሁለቱ ልጆቼ ነው።

ሦስተኛ፤ ከጅቡቲ ያመጣሁት ወረቀት ቁምሳጥኔ ውስጥ ነው። በአማርኛ ተተርጉሞ ይነበብ፤ ለአባቴም ዱዓ ይደረግለት። እኔን ከእናቴ መቃብር ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩኝ። አጠገቧ ለመተኛት ድፍረቱ የለኝም።

ይህ ኑዛዜ ሲነበብ ልጄ አልፊያ ተነሥታ፣ «አያቴ ስትሞት እጇን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ‹ጀማል መጣ ወይ?› ስትለኝ ‹መንገድ ላይ ነው› ያልኳት እርስዎን አምኜ ነው» ብላ ወጣች። እስክትመለስ ጠበቅናት፤ አልተመለሰችም። ይህም እንዲጻፍ አዝዣለሁ። እኔ በእርሷ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ተናዛዥ፦ አነስ ጀማል (ፊርማ)

እኛም ቃሉን ከአንደበቱ ሰምተን፣ ጽሑፉ በፊቱና በፊታችን ተነብቦ፣ በአንድነት ፈርመናል፦
ኢብራር ከድር (ፊርማ)
አሰፋ ወልደየስ (ፊርማ)
ሀያቱ ሸምሱ (ፊርማ)
ተናኘ የኔሰው (ፊርማ)