ባለቤቴን የጋዙ ደጋፊ ስላደረጋችኋት

ለከተማችን የኃይል ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጆሃንስበርግ፣ ኦክቶበር 2021

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ሰው ሁሉ በየቤቱ ተዘግቶ በሚያስልበት በዚህ ዘመን፣ እርስዎና ባልደረቦችዎ ያለ ሳል ውላችሁ ያለ ሳል እንድታድሩ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሆሳዕና ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ዛሬ ከማመንጫው ሥር ባለው ሠፈር በጻካኔ የምኖር ሰው ነኝ። የድንጋይ ከሰል ማመንጫውን በጋዝ ስለ መተካት ባለፈው ወር ያወጣችሁትን ባለ 86 ገጽ ዘገባ እርሳስ ይዤ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ለድካማችሁ እያመሰገንሁ፣ ጥቂት እርማቶች አሉኝ።

1. በአባሪ ሦስት፣ «ዕቅዱን የደገፉ ነዋሪዎች» በሚለው ሠንጠረዥ፣ ተራ ቁጥር 117 ላይ የባለቤቴ የወይዘሮ ኤርጎጌ ስም ሰፍሯል። በማርች ወር ስለ ዕቅዱ በሠፈራችን አዳራሽ በተደረገው ስብሰባ መገኘቷ እውነት ነው። የፈረመችው ግን ዘበኛው በር ላይ ባቀረበላት የኮሮና መዝገብ ነው፤ ያን ጊዜ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ስም፣ ስልክና የሰውነት ሙቀት እናስመዘግብ ነበር። ከስሟ ጎን ያለው 36.4 የድጋፏ መጠን ሳይሆን የዚያን ቀን ሙቀቷ ነው። የበር መዝገብን ወደ ድጋፍ ፊርማ የለወጠውን ባለሙያ ትጋት አደንቃለሁ፤ ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ ግን ወላጅ አስጠራው ነበር።

2. ባለቤቴ በዚያው ስብሰባ እጇን አውጥታ፣ ከሱቋ ደንበኞች በለመደችው የዙሉ ቋንቋ፣ ጋዙ ይምጣ መልካም ነው፣ እስኪመጣ ድረስ ግን የተበላሸውን የማመንጫውን የጭስ ማጣሪያ ማን ይጠግንልናል ብላ ጠይቃ ነበር። ወጣቱ መሐንዲስ፣ እናቴ ትንሽ ይታገሡ ብሎ በትሕትና ሲመልስላት፣ ልጄ መታገሡን እችልበታለሁ፣ ሳይተነፍሱ መታገሡን ግን አንተ ጀምረህ አሳየኝ ብላ አዳራሹን አሳቀችው። ጥያቄውም ሳቁም በዘገባው የሉም።

3. መልሱን ግን ገጽ 52 ላይ በማግኘቴ አመሰግናለሁ፤ ማመንጫው ወደ ጋዝ ስለሚዞር ማጣሪያውን መጠገን ብክነት ነው ይላል። ገጽ 71 ደግሞ የጋዝ ቧንቧው የሚደርስበት ጊዜ ገና አልተወሰነም ይላል። ሁለቱን ገጾች አጋጥሞ ለሚያነብ ሰው ትርጉሙ፣ ንጹሕ አየር ስለሚመጣላችሁ እስከዚያው ዐመዱን ሳቡ ማለት ነው።

4. ኤርጎጌ በጁላይ አረፈች። አስም ነበረባት፤ ኮሮናው ሲጨመርበት ሳንባዋ አልቻለም። ሐኪሙ ጭሱ ገደላት አላለኝም፤ እኔም ያላለውን አልጨምርም። በመጨረሻው ሳምንት መስኮት ክፈትልኝ ትለኛለች፤ እከፍታለሁ፤ ዐመዱ ይገባል፤ ሳሉ ይነሣባታል፤ እዘጋለሁ። ደግማ ክፈትልኝ ትለኛለች። በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳራችን እምቢ ያልኋት በዚያ ሳምንት ብቻ ነው።

ስለዚህ ስሟ ከደጋፊዎች ተርታ ተሰርዞ ጥያቄዋ እንዲመዘገብ፣ ማጣሪያውም እንዲጠገን በትሕትና እለምናለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ናቸው። ሦስተኛው ለኤርጎጌ አይደርስላትም፤ ከግድግዳችን ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን ፅናት ግን ባለፈው ሳምንት ወልዳለች፤ ሕፃኑም ይህንኑ አየር ይስባል።

ያልደገፈችን ደጋፊ፣ ያረፈችን ነዋሪ አድርጎ ለመቍጠር ለማይደክመው ጽሕፈት ቤትዎ ከአንገቴ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

ከጭሱ ሥር አክባሪዎ፣
ምሕረቱ ዱካሞ፣ የኤርጎጌ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ በባለቤቴ ስልክ የሁለተኛው ስብሰባ ጥሪ ገባ። ማረፏን ጽፌ ብመልስ፣ እንደሚገኙ ስላረጋገጡልን እናመሰግናለን የሚል መልእክት ወዲያው ደረሰኝ። በእርሷ ፈንታ እኔ እመጣለሁ። ነገር ግን መዝገባችሁ ላይ ስሜን ስለማልጽፍ ዘበኛው እንደማያስገባኝ አውቃለሁ፤ ከበሩ ውጭ ቆሜ ጥያቄዋን እጠይቃለሁና፣ እባክዎ መስኮቱን ክፍት ያድርጉልኝ።